ዓይኗን ጨፍና ያነበበችው መስመር

ሁልጊዜ ረፋድ ላይ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ፣ ከክፍሉ በር በላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ትንሽ ይንኮሻኮሽና፣ ልጆቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው የሚያውቋት የዚያች ሴትዮ ድምፅ ይመጣል። «ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።» ከሃምሳ ሁለቱ ተማሪዎች ሃምሳ አንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው የቅንድባቸውን ሥር ማሸት ይጀምራሉ። የማትጨፍነው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ታን ዌንሉ። ዌንሉ የክፍሉ የጤና ተጠሪ ናት። ቀይ ጨርቅ ክንዷ ላይ አስራ፣ ታብሌቷን ታቅፋ፣ በወንበሮቹ መሃል እየተንጎራደደች ዓይኑን ሰርቆ የገለጠውን ትመዘግባለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ ምዝገባው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሁለት ወይ ሦስት ስም ከጻፈች በኋላ እዚያው ታብሌት ላይ የፊዚክስ ጥያቄዎቿን ትከፍታለች። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሦስት ወር ቀርቶታል፤ በዚህ ሰዓት አምስት ደቂቃ የሚያባክን ሞኝ ነው። እንዲህ አድርጋ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ዓይኑን ሲያሳርፍ እሷ የራሷን ስታሠራ ኖረች። ይህም ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የቤት ሥራው በታብሌት ነው፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱ በስልክ፣ የተሳሳተችውን ጥያቄ የምትሰበስብበት ደብተር እንኳ ስክሪን ላይ ነው። አውቶብስ ስትጠብቅ ስልክ፣ ኑድል ስትበላ ስልክ። እናቷ ለዓይን ይበጃል ብላ በፔርሙዝ የምትሞላላትን የቀይ ፍሬ ሻይ እንኳ የምትጠጣው ዓይኗን ከስክሪን ሳትነቅል ነው።

አላዋቂ ብትሆን ባልፈረድንባት። ስለ ዓይን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ተማሪ በትምህርት ቤቱ አልነበረም። በክፍሉ የኋላ ሰሌዳ ላይ በአምስት ቀለም ጠመኔ የጻፈችው ከሁሉም ክፍሎች አንደኛ ወጥቶ ሸልሟታል። «በየሃያ ደቂቃው ቀና ብላችሁ ሩቅ ተመልከቱ። ዓይናችሁን አርገብግቡ። በየቀኑ ደጅ ውጡ።» ከታች ደግሞ በቀይ፦ «አንዴ የተበላሸ ዓይን አይመለስም!» ያንን ሰሌዳ ለማዘጋጀት ሦስት ምሽት ታብሌት ላይ አፍጥጣ ስዕል ስትመርጥ ራሷን አሟት ነበር። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ ዌንሉ ደግሞ ቀስቃሿም ተኚዋም ራሷ ነበረች።

ነገሩ የገባት እሑድ ዕለት፣ በወንዙ ግንብ ላይ ነው።

አባቷ ታን ጉዎሼንግ የጭነት መርከብ ካፒቴን ነው። አሸዋና የድንጋይ ከሰል ጭኖ ያንግዜ ወንዝ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይከርምና በሦስት ሳምንት አንዴ አንቺንግ ከተማ ቤቱ ይገባል። ሲመጣ ከልጁ ጋር አንድ የቆየ ጨዋታ አላቸው። የወንዙ ዳር ግንብ ላይ ቆመው፣ ከመታጠፊያው ብቅ የምትለውን መርከብ ስም ቀድሞ ያነበበ ያሸንፋል። ዌንሉ ፊደል የቆጠረችው በዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመርከብ ትምህርት ቤት ገብታ ካፒቴን የመሆን ሐሳብም የመጣላት ከዚሁ ግንብ ነው። ሐሳቡ ዛሬ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ማመልከቻው ገብቷል፣ ውጤቷም ይበቃል። የቀራት የጤና ምርመራው ነበር። ትምህርት ቤቱ ከምንም ነገር በላይ የሚፈልገው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያይ ዓይን ነው፤ ምርመራው ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

«እስቲ ካፒቴን፣ ያቺን አንብቢያት» አላት አባቷ፣ በእጁ በሻይ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ።

ዌንሉ አየች። የመርከቧ አፍንጫ ላይ ስም ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ዓይኗን አጠበበች። ነጩ ነገር ነጭ ነገር ሆኖ ቀረ።

«ዋንሁይ» አለች፣ አፏ እንዳመጣላት።

«ዋንሁይ?» አባቷ እንቁላሉ ትን እስኪለው ሳቀ። «ዋንሁይ እኮ አምና ተቆራርጣ ብረቷ ተሸጠ! ይቺ ጂያንግዩን ናት። ምን ነክቶሻል? ተኝተሽ ነው የምታነቢው?»

እሱ እንኳ ስሟን የጠራት ገና ከመታጠፊያው ግማሽ አካሏ ብቅ ሲል፣ ቀና ብሎም በቅጡ ሳያያት ነበር። የአባቷ ዓይን የአሞራ ዓይን ነው። ዌንሉ ለጓደኞቿ ሁሉ «ዓይኔን ከአባቴ ነው የወረስኩት» ስትል የኖረች ልጅ ናት፤ አሁን ያፈረችው ከምንም በላይ በዚህ ነው።

«ትናንት ማታ ስላልተኛሁ ነው» አለች።

«እንቅልፍ ተኚ። ካፒቴን የሚያየው በዓይኑ እንጂ በግምቱ አይደለም» አለ አባቷ፣ አሁን ሳቁን ትቶ። «ስንቱ ሽማግሌ ‹ይህን ወንዝ በቃሌ አውቀዋለሁ› እያለ ደለል ላይ ቁጭ ብሏል መሰለሽ። ክረምት በመጣ ቁጥር ደለሉ ቦታ ይቀይራል። ወንዝ በቃል አይያዝም፣ ሉሉ። ማመን ያለብሽ ዛሬ ያየሽውን ነው።»

ሰኞ ጠዋት ዌንሉ ከሁሉ ቀድማ ክፍል ገባችና ከኋላ ሰሌዳው አጠገብ ወደተሰቀለው የዓይን መለኪያ ሠንጠረዥ ሄደች። ሚዶ የሚመስል ባለ ሦስት ጥርስ ምልክት ነው፤ ከላይ ትልልቁ፣ እየወረደ ሲሄድ እያነሰ፣ ጥርሱ ወደየት እንደዞረ መናገር ነው የሚጠበቀው። አምስት ሜትር ወደ ኋላ ሄዳ አንድ ዓይኗን ሸፈነች። የመጨረሻውን መስመር፦ «ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ታች።» ሌላውን ሸፈነች። ያው። ቀርባ አረጋገጠች፤ አንድም አልሳተችም። እፎይ አለችና ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ለካ እውነትም እንቅልፍ ነው።

እፎይታዋ ግን አብራት የምትቀመጠው ፋንግ ዪቼን እስክትመጣ ነው የቆየው። ዪቼን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር የምታደርግ፣ በማንም የማታፍር ልጅ ናት።

«ሁሉንም አነበብሽው?» አለች ዪቼን፣ ባኦዚዋን፣ ሥጋ የተሞላ የእንፋሎት ዳቦዋን፣ እየገመጠች።

«አንድም አልሳትኩም።»

«እስቲ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንብቢው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ዝም ብለሽ ጨፍኚ ስልሽ።»

ዌንሉ ጨፈነች። አፏ ሳይጠይቃት ጀመረ። «ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ...» እስከ መጨረሻው ወረደችው። ዓይኗን ስትገልጥ ዪቼን ባኦዚዋን ማኘክ አቁማ ታያት ነበር።

«እኔም እችለዋለሁ» አለች ዪቼን። «ያለ መነጽር በሩን እንኳ ማየት የማልችለው እኔ! ክፍሉ በሙሉ ይችለዋል። አንቺ ግን የምትዪው የምታዪውን መስሎኝ ነበር።»

ማንም ሊያታልል አስቦ አልነበረም። ሠንጠረዡን ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ያሰቀለው የክፍሉ ኃላፊ መምህር ቺን ነው፤ ልጆቹ ዓይናቸውን እንዲጠብቁ ከልቡ አስቦ። በየመንፈቁ እዚያው ሠንጠረዥ ሥር ተሰልፈው ይለካሉ። አንዱ ሲመልስ አምሳው ይሰማል። በተረፈው ጊዜም ሠንጠረዡ ከጭንቅላታቸው በላይ ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ሳይፈልግም ይይዘዋል። «ዓይናቸው የጠራ ተማሪዎች ብዛት» ተብሎ በቢሮው በር ላይ በሚለጠፈው ወረቀትም ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛ የሚወጣው የመምህር ቺን ክፍል ነበር። መምህር ቺን ስብሰባ ላይ እንዴት እንዳደረገው ሲጠየቅ «ክትትል ነው» ይል ነበር።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለቻት ዪቼን፣ ዌንሉ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ስታያት። «ሠንጠረዡ በአገሩ ሁሉ አንድ ነው። ሆስፒታሉም የሚሰቅለው ይህንኑ ነው። ትሄጃለሽ፣ ትወጪዋለሽ፣ ማህተም ይመቱልሻል። አለቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መርከቧ ትልቅ ናት፤ ሌላው ይሸሽልሻል።»

ዌንሉ ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ዪቼን ትከሻዋን አቀፈቻት።

ለእናቷ አልነገረችም። ምን ብላ ትንገራት? «አንዴ የተበላሸ ዓይን አይመለስም» ብላ በቀይ ጠመኔ የጻፈችው ራሷ ናት። የማይመለስ ነገር ተነግሮ ምን ይደረግበታል? ይልቅ በዘጠኙ ቀን ውስጥ የቀዩን ፍሬ ሻይ እጥፍ ጠጣች፤ ማሻሸቱን በቀን ሁለቴ የነበረውን ሃያ ጊዜ አደረገችው። ሽንት ቤት ቆማ ሳይቀር ቅንድቧን ታሽ ነበር። ታብሌቱን ግን አልቀነሰችም፤ ፈተና ደርሷላ። ከሰዓት በኋላ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራታል፣ ግንባሯን ይወግራታል፣ ከስክሪኑ ቀና ስትል ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ለአፍታ ይዋኛል። ይህንንም ምልክት ሁሉ ሰሌዳዋ ላይ በቁጥር ዘርዝራው ነበር።

የምርመራው ቀን አራት መቶ ተማሪ በሆስፒታሉ ኮሪደር ተሰለፈ። ዓይን የምትመረምረው ዶክተር ጌ ነበረች፤ ጡረታዋ የደረሰ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቁጡ መልክ ያላት ሴት። በእጇ ቀጭን ዘንግ ይዛለች። ከኋላዋ የተሰቀለው ሠንጠረዥ ዪቼን እንዳለችው ያው ነው።

«ቀኝሽን ሸፍኚ። ይሄ?»

ዌንሉ ዘንጉ ወደ መጨረሻው መስመር መውረዱ ብቻ ታያት። ዶክተር ጌ አራት መቶ ሰው ስለሚጠብቃት ከዳር ጀምራ በቅደም ተከተል ነው የምትነካው። «ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ...» እንደ ውኃ ፈሰሰላት።

«ሌላውን።» ያው ሆነ።

«አምስት ነጥብ ዜሮ፣ አምስት ነጥብ ዜሮ። ቀጣይ።» የጠራ ዓይን ውጤት ነው፤ ማህተሙ ወረደ።

እንዲህ ቀላል ነበር። ዌንሉ ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የተሰማት ግን የሰው ቦርሳ ይዞ የመሄድ ዓይነት ነገር ነው።

አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። መርከቧ ያን ጠዋት ካለወትሮዋ ቀድማ ደርሳ፣ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ትኩስ ባኦዚ በላስቲክ አንጠልጥሎ መጥቷል። ወረቀቱን ተቀበላትና አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ከዚያ አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ሊከት ሲል ኪሱ ውስጥ የነበረ ነገር አስቸገረው፤ ወደ ሌላኛው ኪስ አዛወረው።

«ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ» አለ። ልጆቹ የሚላቸው የመርከቡን ሠራተኞች ነው፤ ታናሹ አርባ ዓመቱ ነው። «‹ዓይን ማለት የእሷ ነው፤ ደለሉን ከእኔ ቀድማ ነው የምታየው› አልኳቸው። ‹እንግዲያው እሷ ስትመጣ ነው ተደላድለን የምንተኛው› አሉኝ፣ እነዚህ እንቅልፋሞች።»

ዌንሉ ባኦዚውን እንደያዘች ቀረች። በልቧ ያየችው ያንን ነው፦ ውኃው ላይ ጭጋግ ወርዶ፣ ሰዎቹ በእሷ ዓይን ተማምነው ተኝተው፣ እሷ መሪውን ጨብጣ፣ ፊት ለፊቷ ነጭ የተለጠፈ ነገር። ወንዙን ደግሞ አፏ አያውቀውም። ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ ብላ አትወጣውም። ፈራች፤ ከመውደቁ ይልቅ ማለፉን ፈራችው።

«ወረቀቱን ስጠኝ አባዬ።»

«ምን ሊሆንሽ?»

«የረሳሁት ነገር አለ።»

ዶክተር ጌ ምሳ ሰዓት ሆኖ ሰልፉ ተበትኖላት፣ ሩዟን ከብረት ሳህን እየበላች ነበር። ዌንሉ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዶክተር፣ አላየሁትም።»

«ምኑን?»

«ሠንጠረዡን። በቃሌ ይዤው ነው። ከሦስተኛው መስመር በታች አይታየኝም።»

ዶክተር ጌ የመመገቢያ ቀጫጭን እንጨቶቿን አስቀመጠች። «የየትኛው ክፍል ነሽ?»

«የመምህር ቺን።»

«እንደሱ በይኛ!» አለች ዶክተሯ፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ መትታ። «ዘንጌ ሳያርፍ የሚመልሱ ልጆች መጡ ዛሬ። አንዷማ መነጽሯን ኪሷ ከትታ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ነው የመለሰችልኝ! እኔ ደግሞ ርቦኝ ነው፣ የዛሬ ልጆች ፈጣን ናቸው እያልኩ። እያሾፋችሁብኝ ነው እንዴ?»

«አይደለም ዶክተር። የሠንጠረዡ ነገር... ክፍላችን ውስጥ ስለተሰቀለ ነው።» ዌንሉ ወረቀቱን ወደ ዶክተሯ ገፋ አደረገችው። «የመርከብ ትምህርት ቤት ልገባ ነበር። አሁን እንደማይሆን አውቃለሁ። ብቻ ወረቀቱ ላይ ያለው ውሸት ስለሆነ ይሰርዙት ልልዎት ነው።»

ዶክተር ጌ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሩዙን ወደ ጎን ገፋችው። «ምን እንደሚሆን የምናገረው እኔ ነኝ። ቁጭ በይ። ከማን ጋር መጣሽ?»

አባቷ ተጠርቶ ገባ። ዌንሉ ሁሉንም በፊቱ ደገመችው፤ የእሑዱን መርከብና የክንዷን ቀይ ጨርቅ ሳይቀር። አባቷ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ሰማት። አልተቆጣም፤ ብቻ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ ተመለሰ። ዶክተር ጌ በማሽን አየቻት፣ ቁጥር ጻፈች፣ ከዚያ ሁለቱም ዓይኗ ላይ ጠብታ አደረገችባትና «ኮሪደሩ ላይ ጨፍነሽ ተቀመጪ» አለቻት። ዌንሉ ከአንድ ሰዓት ለሚያንስ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። ያለ ስክሪን፣ ሳትተኛ፣ ይህን ያህል ጊዜ ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠችበትን ቀን ማስታወስ አልቻለችም። አባቷ እጇን ይዟል። ባኦዚው ቀዝቅዟል።

እንደገና ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። ዶክተር ጌ አየች፣ ጻፈች፣ የፊተኛውን ቁጥር ከኋለኛው ጋር አስተያየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ያ ቁጡ ፊቷ ሳይታሰብ ተፈታ።

«ዓይንሽ ደህና ነው» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«ደህና ነው። የደከመ ነው፣ የተበላሸ አይደለም። ዓይንሽ ውስጥ ቅርብ ስታዪ የሚጨመደድ ጡንቻ አለ። ቀን ከሌት ስክሪን ስታዪ ተጨምድዶ ቀረና ሩቅ ስታዪ እምቢ አለሽ። ቀኑን ሙሉ እስክሪብቶ ጨብጠሽ ስትውዪ ጣትሽ አልዘረጋ እንደሚልሽ። ጠብታው ፈታው፤ ሲፈታ የመነጽሩ ቁጥር ጠፋ። ይህ የሩቅ አለማየት የውሸት ነው። አንድ ዓመት ብትደብቂው ግን እውነተኛው ይመጣልሽ ነበር፤ ያ አይመለስም።»

ዌንሉ አለቀሰች። ጠብታውና እንባው ተቀላቅሎ አገጯ ላይ ሲወርድ አባቷ በኮፍያው ጠረገላት፤ ኮፍያው ዘይት ዘይት ይሸታል። ዘጠኝ ቀን ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳላት፤ ካፒቴን ታንም በዚያ ትልቅ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ «እሰይ፣ እሰይ» ይላል።

«በቀን ስንት ሰዓት ስክሪን ታዪያለሽ?» አለች ዶክተር ጌ፣ ብዕሯን አንስታ።

«አሥራ ሁለት... አሥራ ሦስት።»

«ምን ማድረግ እንዳለብሽ የነገረሽ ሰው የለም?»

«በየሃያ ደቂቃው ቀና ብሎ ሩቅ ማየት» አለች ዌንሉ፣ እያነፈነፈች። «ዓይን ማርገብገብ። ስክሪኑን ከክንድ ርቀት መያዝ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ደጅ መውጣት። የክፍሉን ብርሃን...»

«በቃ፣ በቃ። ይህንንም በቃልሽ ይዘሽዋል ማለት ነው። ማነው የጻፈው?»

«እኔ። ተሸልሜበታለሁ።»

ዶክተር ጌ እስክትደክም ሳቀች። አባቷም ሳቀ። መጨረሻ ላይ ዌንሉ ራሷ፣ በዚያ ጠብታው ባሰፋው ዓይኗ፣ ሳቀች። ከዚያ ዶክተሯ የተመታውን ማህተም በእስክሪብቶ ሰርዛ «ድጋሚ ይለካ» ብላ ጻፈች። ወረቀቱ እስኪላክ ሦስት ሳምንት አለ። ማታ ማታ ጠብታ፣ በየቀኑ ደጅ፣ ታብሌቱ ለግድ ብቻ፣ ጥያቄው ደግሞ ከወረቀት። «ያንን ቀይ ጨርቅም ፍቺው» አለቻት። «ሰው ሲጨፍን አንቺም ጨፍኚ።»

ሲወጡ ከሰዓት በኋላው ፀሐይ ዌንሉን ዓይን አላስገልጥ አላት፤ ጠብታው ገና አልለቀቃትም። አባቷ ኮፍያውን ራሷ ላይ ደፋላትና እጇን ይዞ እየመራ ወደ ቤት ወሰዳት።

በማግስቱ መምህር ቺን ዘንድ ሄዳ ተናገረች። መምህሩ በመጀመሪያ አላመናትም። ክፍል ገባና ጀርባውን ለሠንጠረዡ ሰጥቶ «ዓይናችሁን ጨፍኑ። የመጨረሻውን መስመር በሉ» አለ። ሃምሳ ሁለት አፍ በአንድ ድምፅ አለው። መምህር ቺን የፊተኛው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የኮራበት ነገር አመድ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። ሲነሳ ግን ሠንጠረዡን አውርዶ ጠቀለለውና «ሁላችሁም ሆስፒታል ትመለሳላችሁ» አለ። «በቢሮው ወረቀት ላይ ስንተኛ እንደምንሆን አትጠይቁኝ።»

ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኑ። እንደ ዌንሉ የደከመ ብቻ ዓይን ያላቸው አሥራ አንድ ልጆች ተገኙ፤ ጊዜው ሳያልፍ። መምህር ቺን ወረቀቱን ራሱ ለጠፈው። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ በድምፅ ማጉያው ስትመጣ ታብሌቱ ሁሉ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል፤ ጠባቂም የለም። መምህር ቺን ራሱ፣ ጠመኔ በነካው ጣቱ፣ ቅንድቡን ያሻል። ዌንሉ መጀመሪያ ሰሞን አምስቱ ደቂቃ አላልቅ ብሏት ነበር፤ ኋላ ግን በጣም ወደደችው። ኋላ ሰሌዳው ላይ ከጻፈችው ያቺን የቀይ ጠመኔ መስመር ብቻ አጠፋችና በቦታዋ «ቀደም ብሎ የተነገረ ዓይን ይመለሳል» ብላ ጻፈች።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ዶክተር ጌ ሠንጠረዡን ገልብጣ ሰቅላ ጠበቀቻት። ዘንጓም እንደ ዶሮ አፍ እዚህም እዚያም ነካ ነካ ትላለች። ዌንሉ የምታየውን ብቻ አለች፤ ያላየችውን «አላየሁትም» አለች።

«አራት ነጥብ ዘጠኝ» አለች ዶክተር ጌ። «ለትምህርት ቤትሽ በቂ ነው። ከዚያኛው አምስት ነጥብ ዜሮሽ ይህ ይሻላል።» ማህተሙንም መታች።

እሑድ ሆነ። አባትና ልጅ ግንቡ ላይ ቆሙ። ነፋስ ነበር፣ ውኃው ከፍ ብሏል፣ ሩቅ ያለው ዳርቻ ላይ የተሰጣው ልብስ ቀለም ሳይቀር ለዌንሉ ይታያታል። ሰማያዊ ጎን ያላት መርከብ ከመታጠፊያው ብቅ አለች።

«ጂያንግዩን» አለ አባቷ፣ እንቁላል እየላጠ፣ ሳይዘገይ።

ዌንሉ አየች። ፊደሎቹ ነጭ፣ ጥርት ያሉ፣ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ነበሩ። አንጀቷ ራሰ።

«አይደለችም አባዬ። ቻንግሌ ሦስት ትላለች።»

«ምን ቻንግሌ? ሰማያዊዋ፣ ጭስ ማውጫዋ ዘመም ያለው፣ ጂያንግዩን ናት እንጂ።»

ዌንሉ ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች። «ጭስ ማውጫዋን ነው እንዴ የምታነበው?»

ካፒቴን ታን እንቁላሉን መላጥ አቆመ።

«እስቲ ዓይንህን ጨፍንና የምትቀጥለውን ጥራልኝ» አለችው። «በድምፅዋ ብቻ ታውቃታለህ አይደል?»

አባቷ ወንዙን አየ፣ እንቁላሉን አየ፣ የሚሸሽበት አጣ። ከዚያ የደረት ኪሱን ፈታና መነጽር አወጣ፤ እጀታው አንድ ቦታ በሽቦ የታሰረ፣ ብዙ ጊዜ የተደረገ መነጽር።

«ማድረግ ከጀመርክ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሦስት። መርከብ ላይ ሳላደርገው ውዬ አላውቅም፤ ያለሱ ልጆቹ መሪውን አያስነኩኝም። ለሽማግሌ ካፒቴን ይፈቀዳል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቤት ስመጣ ብቻ ነው የማወልቀው።»

«ለምን?»

«‹ዓይኔን ከአባቴ ነው የወረስኩት› እያልሽ ለጓደኞችሽ ስታወሪ ሰማሁሻ። ያን ቀን ዶክተሯ ጋ ስትናገሪ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጄ ወረቀቷን ስትመልስ እኔ ኪሴን ይዤ ቆሜያለሁ።»

ዌንሉ ልትቆጣው አስባ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት። መነጽሩን ከእጁ ተቀብላ በሹራቧ ጫፍ ወልውላ አደረገችለት። ካፒቴን ታን ዓይኑን አርገበገበና ወደ ወንዙ ዞረ። ቻንግሌ ሦስት በፊታቸው ታልፍ ነበር። ስሟን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

«ቻንግሌ ናት» አለ። «አንድ ለዜሮ። ቀጣይዋ ትምጣ።»

ቀጣይዋ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ሁለቱም ፊደሉ እስኪታያቸው ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ።